የቱርካ ደርብ

ብፅአት ኢንጂነሯን ለምና አመጣቻት፤ ወንበር አቀረበችላት፤ ቀዝቃዛ ከርከዴ ቀዳችላት፤ ከዚያም ዐይን ዐይኗን እያየች ዋሸቻት። ቤቷን ልታድን የመጣችውን ሴት! እንዲህ ያለ ጉድ የሚሠራ የቱርካ ዘር ብቻ ነው።

ነገሩን ከመነሻው እንያዘው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ላይ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ፣ ድንጋያማው ጉብታ ላይ አንድ ቀይ የጡብ ቤት አለ። ከታች ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ከላይ ደርብ አለው፤ ደርቡን የእንጨት ሰገነት ይዞረዋል፤ በቀኝ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ የጎንደርን ግንብ ያየ ሰው የሚያውቃት ዓይነት ትንሽ ጉልላት ጉብ ብላለች። ጉልላቷ ተሰንጥቃለች። ሰገነቱ ጎብጧል። የጥንቱ ጣሪያ ወርዶ ቆርቆሮ ከለበሰ ዘመን አልፎታል። ደርቡም በስብሷል ስለሚባል ማንም አይወጣበትም፤ መስኮቶቹ በምስማር ተመትተዋል። ሰዉ ግን እስከ ዛሬ "የቱርካ ደርብ" ይለዋል። የራክሻ፣ የባጃጅ ማለት ነው፣ ሾፌሮች ሳይቀሩ፣ ቱርካ ሴት ትሁን ወንድ ሳያውቁ፣ "ቤት ቱርካ ጋ ላውርድሽ?" ይላሉ።

ቱርካ የብፅአት ቅድመ አያት ናት። ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ተማርካ የመጣች ልጅ ነበረች። ኋላ እንግሊዝ አገሩን ይዞ ድርቡሽ ሲበተን፣ ሌላው ምርኮኛ ወደ አገሩ ሲመለስ እሷ ቀረች። "ምን ልሠራ ልመለስ? አመድ ልታቀፍ?" አለች ይባላል። ወታደሩ ጠምቶታል፤ ግመል ነጂው ጠምቶታል፤ ሰሊጥ አጫጁ ጠምቶታል። ቱርካ ጋን ገዛች። ጌሾው ከጭልጋ በመተማ በኩል በአህያ ይወርዳል፣ ማሽላው እዚሁ ሞልቶ ተርፏል። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ባረከላት።

ጠምቃ የሸጠች እሷ ብቻ አልነበረችም። ከጎንደር የመጡ ሌሎች ቤተሰቦችም በጠላ ከበሩ፤ የከበረ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ቤት ይሠራል። በእኛ አቆጣጠር በሺህ ስምንት መቶ ዘጠናዎቹ ያ ጉብታ የጠማቂዎች ሰፈር ሆነ። እነ ወልደ ማርያም ባለ ደርብ ቤት ሠሩ። ቱርካ ሰማች። ሰምታ ዝም ትበል? ከጦሩ ጋር የመጣ ግብፃዊ ግንበኛ ያዘች፣ ከጎንደር ደግሞ ሌላ አስመጣች፤ ሁለቱ ሲጣሉ ቤቱ አለቀ ይባላል። ለዚህ ነው የግራው በር ቅስት ሹል፣ የቀኙ ደግሞ እንደ ፋሲል ግንብ ክብ የሆነው። ጉልላቷ ግን የቱርካ የራሷ ሐሳብ ናት። በልጅነቷ ያየችውን በእጇ እያሳየች፣ "እንዲህ፣ እንዲህ አድርጋት" እያለች አሠራቻት። እነ ወልደ ማርያም ያን ቀን ራት አልበላ አላቸው።

ለመኩራራት ይመስላል እንጂ ቤቱ እንዲያ የሆነው ለሥራው ነው። ብቅል ለመድረቅ ነፋስ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከላይ ደርብ፣ ደርቡ ላይ ከወዲያና ከወዲህ የሚተያዩ ብዙ ትንንሽ መስኮቶች። ጠላ ጥላና ቅዝቃዜ ይወዳል፤ ስለዚህ ከታች እንደ ግንብ የወፈረ ግድግዳ። ማሽላውና ጌሾው ተጭኖ ይመጣል፤ ስለዚህ ግመል ከነጭነቱ የሚያልፍበት በር። የዛሬ ሰው ቤቱን ሠርቶ ሲያበቃ ነው ምን ላድርግበት የሚለው። እነሱ ሥራቸውን ነበር ቤት ያለበሱት።

አሁን ከዚያ ሰፈር የቀረው ይኸው አንድ ቤት ነው። የእነ ወልደ ማርያም ደርብ ፈርሶ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሆነ፤ የሌሎቹም እንዲሁ። ብፅአት በቀረው ቤት ተወለደች፣ ከዚያው ተዳረች፣ ባሏ ሲሞት ወደዚያው ተመለሰች። ልጅ አልወለደችም። ሰው ልጁን እንደሚያውቀው ያን ቤት ታውቀዋለች፤ የትኛው ጡብ ጠዋት ፀሐይ እንደሚመታው፣ የትኛው በር በክረምት እንደሚነፋ ዐይኗን ጨፍና ትነግራችኋለች።

የቤቱ ወረቀት ግን በአኑዋር ስም ነው። አኑዋር የአጎቷ ልጅ ነው። አባቱ ሙስሊም አግብቶ ሰለመና ቤተሰቡ ሁለት ሃይማኖት ይዞ በአንድ ግቢ ኖረ፤ ለፋሲካ በግ የሚያቀርብላት አኑዋር፣ ለረመዳን ሾርባውን የምታማስልለት እሷ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለላት፣ ረግማው ትተኛ ነበር። ጦርነቱ ካርቱምን ሲበላ የአኑዋር ሴቶች ልጆች ልጆቻቸውን አንጠልጥለው መጡ፤ ቦታ ጠፍቶ ግቢው ውስጥ፣ ራኩባ ሥር፣ የሣር ዳሱ ውስጥ ማለት ነው፣ አልጋ ዘርግተው ያድራሉ። ያለፈው ክረምት ዝናብ በላያቸው ላይ ወረደ። አባት ነውና አንጀቱ አልቻለም። ቤቱን አፍርሶ፣ በቦታው በብሎኬት ተርታ ክፍሎች ሊሠራ ቆረጠ፤ ያውም ዝናቡ ሳይገባ።

ለማፍረሱም የተነጋገረው ከጉዕሽ ጋር ነው። ጉዕሽ በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ተከዜን ተሻግሮ የመጣ ግንበኛ ነው፤ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ቆይቶ ሥራ ፍለጋ ገዳሪፍ ሲገባ ብፅአት የበሩን ክፍል ሰጥታ አኖረችው። እንግዲህ አስቡት፤ ያስጠጋችው ሰው ቤቷን ሊያፈርስ ነው።

"ኣደይ ብፅአት፣" አላት፣ በትግርኛ እናቴ ማለቱ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "እምቢ ብል ሌላ ሰው ያመጣል። ሌላው ደግሞ ጡቡን ሳይለይ ነው የሚደረምሰው።"

"ተወው ልጄ፣ አንተ ምን በወጣህ" አለችው። ዞር ብላ ግን አለቀሰች።

ቤተ ክርስቲያን ስትስም ነው የኢልሃምን ወሬ የሰማችው። ኢልሃም ከካርቱም የተፈናቀለች፣ ሰዉ ኢንጂነሯ የሚላት የሥነ ሕንፃ መምህር ናት፤ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሌሎች ተፈናቃዮች ጋር ተጠግታ፣ ሥራ ከምፈታ ብላ ለከተማው አስተዳደር የቆዩ ቤቶችን ትመዘግባለች። እሷ "ይህ ቤት አይነካ" ካለች አይነካም ተባለ። ብፅአት ነጠላዋን ሳትፈታ በቀጥታ ሄደችባት። "ልጄ፣ ነይና እይልኝ" ብላ እጇን ያዘቻት። ኢልሃምም መጣች።

ከጠዋት ጀምራ ቤቱን ስትዞረው ዋለች። ጉልላቷን አንጋጣ አየች፤ በቅስቶቹ ልዩነት ሳቀች፤ ሜትር ዘርግታ ከውጭ ለካች፣ ከውስጥ ለካች። ብፅአት ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች የቱርካንና የሁለቱን ግንበኞች ነገር ታጫውታታለች። ቱርካ በምን ከበረች? እሱን አልተናገረችም። "ነጋዴ ነበረች" ብላ አለፈችው።

ተመልሰው ሲቀመጡ ኢልሃም ብርጭቆዋን አስቀመጠችና፣ "ኻልቲ፣" አለች፣ አክስቴ ለማለት፣ "ይህ ቤት ከውጭ ሲለካ ከውስጡ በጣም ይረዝማል። ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ምን አለ?"

"ድንጋይ" አለች ብፅአት። "ጉብታው ነው።"

"ገበያ ላይ ሽማግሌዎች ሲያወሩ፣ ይህ ሰፈር የጠላ ጠማቂዎች ሰፈር ነበር ይላሉ። እዚህ ቤት ይጠመቅ ነበር?"

"ወላሂ!" አለች ብፅአት። "እዚህ ቤት? አዑዙ ቢላህ! ጠላ የሚባል ይቺን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።"

አንገቷ ላይ ማተብ አለ፤ ቁርባን የምትቀበል ሴት ናት፤ አፏ ግን በአረብኛ "ወላሂ" ብሎ ማለ። ኢልሃም የከፋት መስሏት ደነገጠች።

"ይቅርታ ኻልቲ፣ ልሰድብሽ ብዬ አይደለም። ይልቅ እውነቱን ልንገርሽ። ሰገነትና ቅስት ያለው ቤት ከሰላ ከተማ ውስጥም ብዙ አለ። የዚህ ደግሞ ጣሪያው ተቀይሯል፣ ጉልላቱ ተሰንጥቋል፣ ደርቡ በስብሷል ትላላችሁ። 'አሮጌ ነው' ብቻ ብዬ ብጽፍ አይሰሙኝም። የጠማቂ ቤት ቢሆን ግን በከተማው የቀረ አንድ እሱ ነው፤ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም ነበር።"

ብፅአት ሰማች። እያንዳንዷን ቃል ሰማች። ይኸው በሩ ተከፍቶላታል፤ አንድ ቃል ብትናገር ቤቷ ይድናል። አፏን ከፈተች።

"ከርከዴ ልጨምርልሽ?" አለች።

ኢልሃም አመስግና ተነሣች። ከመውጣቷ በፊት ግድግዳውን በመዳፏ ዳበስ አደረገችው። "የእኔ ቤት ተቃጥሏል" አለች። "አንድ ፎቶ እንኳ የለኝም። የማእድ ቤታችን መስኮት በየት በኩል እንደነበረ ከእህቴ ጋር እንከራከራለን።" ነገ ከሰዓት በፊት ወደ ሾዋክ ከተማ ስለምትሄድ፣ ብፅአት የምትጨምረው ነገር ካለ ጠዋት እንድትደውልላት ነግራት ሄደች።

ብፅአት ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። አሁን "ምን ያለች ጅል ናት" ትላላችሁ። ጅል አይደለችም። ይህን ለማወቅ ስለ እናቷ ስለ ኣስመረት መስማት አለባችሁ።

ኣስመረት ከዓድዋ አውራጃ ተድራ የመጣች ሙሽራ ነበረች። ጠላ አጠማመቁን ከአማቷ ተምራ አማቷን በለጠቻት። የሷ ወግ በተለይ ጋን ማጠን ላይ ነው። ወይራውን አንድዳ፣ ጋኑን በጭሱ ላይ ደፍታ፣ እጇን ወደ ሆዱ ሰድዳ ሙቀቱን ትለካለች፤ "ገና ነው፣ አልጠገበም" ትላለች፤ ጋን ሰው ይመስል። ቤቱ ሁሉ ወይራ ወይራ ይሸት ነበር። በወር በወሩ የሚካኤል ጽዋ ሲደርስ ደግሞ ሰፈርተኛው በዚያ በሰፊው በር እየገባ፣ ከእንግዳ እስከ ግመል ነጂ፣ ሙሉ ዋንጫ ሳይጨብጥ አይወጣም። ብፅአት ያን ጊዜ ስታስበው እስከ ዛሬ ደረቷን ሙቅ ይለዋል።

ሸሪዓው ሲታወጅ ግን ፖሊሶች የእነ ወልደ ማርያምን ቤት ገብተው ጋኑን ሁሉ ሰባበሩት። ጠላው በቁልቁለቱ ወርዶ የሰፈሩ ፍየሎች ሰከሩ፤ ሰው የሚስቅበት ጊዜ ሆኖ እንጂ ያስቅ ነበር። የቤቲቱ እመቤት በአደባባይ ተገረፈች። በማግሥቱ ኣስመረት ጋኖቿን አልሰበረችም። "እኔ በገዛ እጄ? ሞቼ!" አለች። የጋኑን ቤት በር ከነጋኖቹ አስደፈነችው። የደፈነው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአኑዋር አባት፣ ሐጂው። ጠላ አይቀምስም፤ የአያቱን ጋን ሲሰብሩ ግን ማየት አልፈለገም። ጭቃውን ያቦካው አኑዋር ነበር፣ ጡብ ያቀበለችው ብፅአት። ከዚያ ግድግዳው ተለሰነ፣ በኖራ ተቀባ፣ ቁም ሣጥን ተደገፈበት።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወደ ደርቡ የሚያወጣው ደረጃ በጋኑ ቤት ውስጥ ነው፤ ብቅሉ ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ ቱርካ እንዲያ ነበር ያሠራችው። በሩ ሲደፈን ደረጃውም አብሮ ተደፈነ። ታዲያ ሰው "ለምን ደርቡ ላይ አትወጡም?" ሲል ምን ይባል? ኣስመረት፣ "በስብሷል፣ ሰው ይጥላል" አለች። ቤተሰቡም ይህንኑ ደገመ። ሰገነቱ ሲጎብጥ ደግሞ ውሸቱ ምስክር አገኘ። እየዋለ እያደረ ራሳቸውም አመኑት።

ያን ቀን ኣስመረት እጇን ከኖራው ታጥባ ልጇን አስቀመጠቻት። "ስሚኝ። እዚህ ቤት ጠላ ተጠምቆ አያውቅም። የጋን ቤት የሚባል የለም። ማንም ቢጠይቅሽ መልስሽ ይኸው ነው። እኔ ራሴ ብጠይቅሽ እንኳ!" ብላ በሚካኤል አስማለቻት።

እና ጠየቀቻት። ያ ነው የብፅአት ቁስል። ኣስመረት አርጅታ አእምሮዋ ሲላላ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ እየተነሣች ያን ግድግዳ በመዳፏ ትዳብስ ነበር። "ብፅአት፣ የጋኑ ቤት ኣበይ ኣሎ? የት አለ? የት አደረጋችሁት?" ትላለች። ብፅአት መጀመሪያ እየፈተነቻት መሰላት። "የለም እማ፣ እንዲህ ያለ ቤት የለም" አለቻት። እናቷ ደጋግማ ጠየቀች፤ እሷም በመሐላዋ ጸናች። አንድ ቀን ኣስመረት እጆቿን ዘርግታ አየቻቸውና፣ "ታዲያ ሕልም ነበር ማለት ነው?" አለች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። ብዙም ሳትቆይ ሞተች።

አሁን ሕጉ ላልቷል ይላሉ፤ ክርስቲያን በቤቱ ቢጠጣ የሚጠይቀው የለም ይላሉ። ይሁን። ሕግ በአንድ ቀን ይላላል፤ ምላስ ግን እንደ ሕግ አይደለም። እናቷን የካደችበት አንደበት ለባዕድ ሴት እንዴት ይፈታ?

አኑዋር ከመግሪብ ሶላት ሲመለስ ብፅአት በሩ ላይ ጠበቀችው። ልጆቹ ራኩባው ሥር ፍራሽ እየዘረጉ ነበር።

"ወንድምዓለም፣" አለችው፣ "ዛሬ ኢንጂነሯን ዋሸኋት።"

"ስለ ጋኑ ቤት?" አለ። ለስሙም ቢሆን አልተጠራጠረም።

"አዎን። እውነቱን ብነግራት ቤቱ አይፈርስም ነበር። ነገ ጠዋት ግድግዳውን ላስከፍተው እፈልጋለሁ። ቤቱ ያንተ ነው፤ ስምህም አለበት። አንተ በመስጊድ ፊተኛው ሰልፍ ላይ የምትቆም ሰው ነህ። ሰው 'የጠማቂ ልጅ' ቢልህስ ብዬ ፈራሁ።"

አኑዋር አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል አልነበረም። "ሰው ቢልህስ? እታለም፣ ሰው መቼ አላለኝምና! ከልጅነቴ ጀምሮ ከኋላዬ 'ወድ አል መሪሳ'፣ የጠላ ልጅ፣ እያሉ አይደል የጠሩኝ? ትምህርት ቤት ስንቱን ተደባድቤበታለሁ። ኢማሙ ራሱ አያቱ የቱርካ ደንበኛ እንደነበረ ነግሮኛል። ከተማው ሁሉ ያውቃል። የማናወራው እኔና አንቺ ብቻ ነን።"

ብፅአት ያን ሁሉ ዘመን ስትጠብቀው የኖረችው ምሥጢር የገበያ ጨዋታ ነበር። ተናደደች፤ በማን እንደምትናደድ ግን ጠፋት።

"እንግዲያው ክፈቺው በለኝ" አለች።

"ልክፈተውስ፣ ከዚያስ?" አለና ወደ ፍራሾቹ አገጩን ቀሰረ። "እነዚህን የት ላግባቸው? ጋን ላይ ላስተኛቸው? ቤቱ አይነካ ከተባለ ክፍል የምሠራበት ቦታ የለኝም። አንቺ ቤት ታድኛለሽ፤ የእኔ ልጆች ዝናብ ይመታቸዋል። እስቲ ፍረጂ።"

ምን ትፍረድ? እውነቱን ነው። ብፅአት ራኩባው ሥር አንቀላፍታ የነበረችውን ትንሿን ልጅ አየች፤ የቱርካ ዘር እሷም ናት። "አንተ ፍረድ" አለችው ቀስ ብላ። "ብቻ ሳይፈርስ አንድ ጊዜ ልየው። እናቴን ሕልም ነበር አሰኝቻታለሁ፤ ሕልም አለመሆኑን ልይላት።"

አኑዋር ትንሿን ልጅ አንሶላ አለበሳት። "ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻው። "ይከፈት። እንግዲህ የሚሆነውን እናያለን።"

ጠዋት ብፅአት ደወለች። ኢልሃም ሻንጣዋን እንደያዘች መጣች። ጉዕሽ ቁም ሣጥኑን ገፋ፤ ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ እያንኳኳ አዳመጠና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ኖራው ተላጠ፤ ከሥሩ ጭቃው፤ በጭቃው ላይ የልጅ ጣቶች ምልክት። አኑዋር ጣቱን አስጠግቶ ለካው። አሁን አይገባም። ጉዕሽ የመጀመሪያውን ጡብ ሲያወጣ ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ወጣ፤ ከአየሩም ጋር ወይራ።

አዎን፣ ወይራ። ያን ሁሉ ዘመን ታፍኖ የጋኖቹ ሆድ አልለቀቀውም። ብፅአት ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

ቀዳዳው ሰው ሲያሳልፍ ገቡ። ጣሪያው በጡብ የተቀለሰ ነው፤ ጋኖቹ በግድግዳው ሥር ተሰልፈዋል፤ አፋቸው ላይ የኣስመረት እጅ የከደነው አክንባሎ አለ። ኢልሃም ባትሪዋን ወደ ጣሪያው፣ ወደ ጋኑ፣ እንደገና ወደ ጣሪያው ታበራለች። አኑዋር ግን ወደ ጋኖቹ አላየም። ወደ ጥጉ ነበር የሚያየው።

"ደረጃው" አለ።

"በስብሷል፣ እንዳትወጣ" አለች ብፅአት። ልማድ ነው፤ አፏ ቀደማት።

ጉዕሽ አንዱን ደረጃ በተረከዙ ረገጠው። ሁለተኛውን ረገጠ። "የሱንት ግራር ነው" አለ። "ይህን ምስጥ አይበላውም፣ ኣደይ።" እየረገጠ ወጣ። ከላይ መስኮት ሲነቀል፣ ምስማር ሲጮህ ተሰማ። ከዚያ አንድ ሌላ መስኮት፣ ሌላ፣ በደረጃውም ብርሃን ወረደ።

ሁሉም ተከተሉት። ደርቡ ከጥግ እስከ ጥግ ባዶ ነው፤ ሰፊ፣ ደረቅ፣ ወለሉ አቧራ ለብሶ፣ ጥጉ ላይ የብቅል ማስጫ ሰሌን ተጠቅልሎ ቆሟል። የበሰበሰው ከውጭ ያለው ሰገነት ብቻ ነው። ነፋሱ ብቅል ያለ ይመስል ከወዲያኛው መስኮት ገብቶ በወዲህኛው ይወጣል። ከታች ግቢው እንደ ምድጃ ግሏል፤ እዚህ ላይ ላብ ይደርቃል። ራኩባው ከመስኮቱ ሥር ይታያል፤ የተጠቀለሉ ፍራሾች ሥሩ ተደርድረዋል።

አኑዋር ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። "ከራሳቸው በላይ ነበረ" አለ። "ልጆቼ ዝናብ ሲመታቸው ይህ ሁሉ ከራሳቸው በላይ ነበረ።" ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ለሰው የነገሩት ውሸት ሰውን አላታለለም። ያታለለው እነሱን ነው፤ የገዛ ቤታቸውን እኩሌታ በልቶባቸው ኖረ። ብፅአት አጠገቡ ተቀምጣ ትከሻውን ያዘችው፤ ማንም አላባበላቸውም።

ኢልሃም ወለሉን ለካች። ክፍልፍል ብታቆሙበት ለልጆቹም ለእናቶቻቸውም ይበቃል፣ ግድግዳው ሳይነካ፣ አለች። አኑዋር በእጁ ጀርባ ዐይኑን ጠረገና፣ "ጉዕሽ፣ ማፍረሱ ቀርቷል" አለ። ጉዕሽ መዶሻውን ከታች ጥሎት ስለነበር የሚያስቀምጠው ነገር አልነበረውም፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ወደ ጋኑ ቤት ተመልሰው ሲወርዱ ኢልሃም የስልኳን ድምፅ መቅጃ ከፍታ ለብፅአት አስጠጋችላት። "ኻልቲ፣ መመዝገብ ስላለብኝ እንደገና ልጠይቅሽ። ይህ ክፍል ምን ይሠራበት ነበር?"

ብፅአት "ወላሂ" የሚለው ቃል ከጉሮሮዋ ሲመጣ ታወቃት፤ መልሳ ዋጠችው። ከጋኖቹ የአንዱን አክንባሎ አነሣች፤ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ፣ እናቷ ሙቀቱን እንደምትለካው፣ ሆዱን ዳበሰችው።

"ጠላ ይጠመቅበት ነበር" አለች። "ቱርካ ትጠምቅ ነበር። እናቴ ኣስመረት ትጠምቅ ነበር። የእሷን ያህል ጋን የሚያጥን በዚህ አገር አልነበረም። እኔም ጠምቄያለሁ።"

ኢልሃም ስልኩን ዘጋች። ብፅአት ግን ንግግሯ አላለቀም። እናቷ ጠዋት ጠዋት ከወዲያ በኩል ትዳብሰው ወደነበረው ግድግዳ ሄደች፤ ከወዲህ በኩል መዳፏን አስጠጋች።

"ኣሎ፣ ኣደይ" አለች። "እዚሁ ኣሎ።"